የባለ ጋሪው ዋስ

ኮልፌ፣ ግንቦት 1964 ዓ.ም.

ውድ የሺ፣

እንዴት ከረማችሁ? ባልሽ በዛብህ ከዚያ ከሚያጓራ የመንገድ ግሬደሩ ጋር እንደተስማማ ነው? ልጅሽ ብርቅዬስ የጎጃሙን አገር ለመደችው? እኛ አልሃምዱሊላህ ደህና ነን፤ ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። የሰፈሩ ሴቶች አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የሚጣሉት ሰው አጥተው እርስ በርሳቸው ተፋቅረዋል። ባለፈው ሁለቱ ጎረቤቶቼ በውሃ መውረጃ ቦይ ሊጣሉ ጀምረው፣ «የሺእመቤት ብትኖር ኖሮ» ብለው በመሃል ሳቁና ተዉት።

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በራሴ እጅ ነው። የማታ ትምህርት ስጀምር «ፊደል ቆጥረሽ ለማን ልትጽፊ ነው?» ብለሽ ቀልደሽብኝ ነበር፤ ይኸው ላንቺው ጻፍኩ። ፊደሉ ተንጋዶ ካየሽው እጄ ነው እንጂ ልቤ ቀጥ ያለ ነው። በዛብህ እንዲያነብልሽ እንዳታደርጊ ግን፤ እሱ የሚያፍርበት ነገር አለበት።

ምስጋና ፊት ለፊት ከጉሮሮ አይወጣም። አንቺ ደግሞ ሰው ሊያመሰግንሽ አፉን ሲከፍት ወሬ የምትለውጪ ሴት ነሽ። የሄድሽ ዕለት፣ ዕቃው መኪና ላይ ሲጫን፣ «የሺ፣ አንድ ነገር ልበልሽ» ስልሽ፣ «ማሰሮዬን እንዳይሰብሩት እዪልኝ» ብለሽ አባረርሽኝ። አሁን ወረቀት ላይ ነኝና ልታቋርጪኝ አትችዪም። ደግሞም ካንቺ ተሰውሮ የቆየ ነገር ከፋሪዳ አፍ ሰምቻለሁ። እሱን ሳልነግርሽ ብቀር ያንቃኛል። ግን በቅደም ተከተል ልምጣ፤ ያንን ሳምንት አንቺ ከጋሪው ላይ ሆነሽ ነው ያየሽው፣ እኔ ደግሞ ከቤቴ ደጃፍ።

አልፊያ የጠፋችብኝ በገበያ ቀን ነበር። ለአንዲት ሙሽራ እናት አቡጀዲ ለክቼ፣ ቀድጄ፣ ቀና ስል ከመደቤ ሥር የለችም። አምስት ዓመት የሞላት ልጅ ሩቅ አትሄድም ብዬ መጀመሪያ አልደነገጥኩም። ቅቤ ተራውን፣ ጌሾ ተራውን፣ አጠና ተራውን ዞሬ ስመለስ ግን ስሟን እየጠራሁ እሮጥ ጀመር። አንቺ በርበሬ እየገዛሽ ነበር። «አልፊያን አጣኋት» ስልሽ ዘምቢልሽን ባለ በርበሬዋ ላይ ጥለሽ ሮጥሽ። ያ ዘምቢል እስከ ዛሬ አልተመለሰም፤ ባለ በርበሬዋ ሽንኩርት ይዛበታለች።

በማግስቱ የእድራችን ጡሩምባ ነፊ ለደግ ብሎ ጡሩምባውን ነፋ። ወንዶቹ ለፍለጋ እንዲወጡ ነበር አሳቡ። ግን የእድር ጡሩምባ አንድ ነገር ብቻ ነው የሚናገረው፤ ይህን የማያውቅ የኮልፌ ሰው የለም። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ደረታቸውን እየመቱ ግቢዬን ሞሉት። ዱዓ ሊያደርጉ የመጡት የኛ ሰዎችም ነገሩ ያለቀ መስሏቸው «ኢናሊላሂ» እያሉ ተቀመጡ። እኔ ራሴ እኮ አንድ አፍታ፣ እኔ ያልሰማሁትን እነሱ ሰምተው የመጡ መስሎኝ መሬት ላይ ወደቅሁ። አንቺ ነሽ በሩ ላይ ቆመሽ እያንዳንዷን ሴት ነጠላዋን ያስተካከልሽ። «ማን ሞቶ ነው? ልጅ ጠፋ እንጂ አልሞተም። እንባ ያለው ሰው እንባውን ይዞ ወደ ቤቱ፤ እግር ያለው ሰው ወደ ፍለጋ» ስትዪ ድምፅሽ እስከ መስጊዱ ይሰማ ነበር።

ግን አንድ ጋዜጠኛ ከፎቶ አንሺ ጋር ቀድሞሽ ገብቶ ነበር። አንገቱ ላይ ሰማያዊ ሻርፕ የጠመጠመ፣ ሽቶ የሚሸት፣ መልከ መልካም ሰው። ለቅሶውን ፎቶ አስነሣ። ከዚያ እኔ ዘንድ መጥቶ በለሰለሰ ድምፅ፣ «እናት ዓለም፣ የልጅቷን ጫማ መሬት ላይ እናድርገውና አንቺ እሱን እያየሽ...» ሲል ጫማውን ከእጁ ነጠቅሽው። «ጫማው የልጅ ነው፤ ስትመጣ ታደርገዋለች» አልሽው። «እኔ እኮ ልረዳችሁ ነው» ቢልሽ፣ «መርዳት ከፈለግህማ ሻርፕህን አውልቅና ወንዝ ለወንዝ ፈልግ» ብለሽ ወደ በሩ አሳየሽው። እኔ ያን ጊዜ ጫማውን ለምን እንደፈለገው እንኳ አልገባኝም ነበር። ጣራ ላይ ውጪ ቢለኝ እወጣ ነበር፤ ልጇ የጠፋባት ሴት የሚሏትን ሁሉ ታደርጋለች።

ሰኞ ጋዜጣው ወጣ። ጋዜጣ አዟሪዎቹ «በጆንያ የተወሰደችው የኮልፌ ሕፃን» እያሉ ሲጮኹ በመስኮት ሰማሁ። የልጄ የዒድ ፎቶግራፍ ከላይ፣ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁት ሴቶች ከታች። አንድ ስሙ ያልተጠቀሰ የዓይን ምስክር፣ አንድ ባለ ጋሪ ልጅቱን በጆንያ ከትቶ ሲጋልብ አይቷል ተባለ። ደም የሚሸጡ ሰዎች አሉ ተባለ። ኮልፌ በለቅሶ ተዋጠች ተባለ። አንቺ ሁለት ጊዜ አንብበሽ፣ «ይኸ ሰው የዓይን ምስክሩን ያገኘው ከሻርፑ ውስጥ ነው» አልሽ። ማንም ግን አልሳቀም። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ አየር ጤና ላይ አንድ ባለ ጋሪ የገዛ ልጁን ይዞ ሲሄድ በድንጋይ ተደበደበ፤ ፈረሱ አንድ ዓይኑ ፈሰሰ። በነጋታው ከኮልፌ እስከ አየር ጤና አንድ ጋሪ አይታይም ነበር። ሰው ወፍጮ የሚወስደውን እህል በጀርባው ተሸከመ።

ባሌ ጀማልም፣ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞረው ጀማል፣ ዱላ ይዞ ከጎረምሶቹ ጋር መንገድ ይጠብቅ ጀመር። አልፈረድኩበትም። ባለ ጋሪ ቢያመጡልኝ እኔም በጥርሴ እበላው ነበር።

ያን ጊዜ ነው አንቺ አጠገቤ ተቀምጠሽ ያንን ነገር ያልሽኝ። «ሰብሪያ፣ እስቲ ጋዜጣው እንዳጋጣሚ እውነት ተናግሮ ይሁን። ልጅቱ በጋሪ ሄዳ ይሁን። ጭድ ላይ ወጥታ እንቅልፍ ወስዷት ባለ ጋሪው ቤቱ ሲደርስ ቢያገኛትስ? አሁን ምን ያድርግ? ቢያመጣት ይወገራል፣ ባያመጣት ሌባ ነው። በሩን እኛው ዘግተን ግባ እያልነው እኮ ነው።»

«ሰው ከሆነ ያመጣታል» አልኩሽ።

«ሰው ስለሆነ እኮ ነው የሚፈራው» አልሽኝ። «ዋስ ያስፈልገዋል። ከብት የጠፋበት ሰው እንኳ፣ ያገኘውን ሰው ሌባ አልልም ብሎ በሽማግሌ ፊት ቃል ካልሰጠ ከብቱን የሚነዳለት የለም። እኔ ዋስ እሆነዋለሁ። ግን ባለ ልጇ አንቺ ነሽ፤ ያላንቺ ቃል ዋስነቴ ባዶ ነው።»

የሺ፣ እንዴት እንደጠላሁሽ ልንገርሽ? ልጄ ጠፍታ አንቺ ለወሰዳት ሰው ቃል ታስገቢኛለሽ። «ውጪልኝ» አልኩሽ። አልወጣሽም። ጉልበቴን ይዘሽ ተቀመጥሽ። ብርቅዬ ጥግ ላይ የአልፊያን አሻንጉሊት ታቅፋ ታየን ነበር። በመጨረሻ ቃሉን የሰጠሁሽ አምኜሽ አይደለም፤ ሌላ የምሰጠው ነገር ስላልነበረኝ ነው። በሰፈሩ ሽማግሌዎች ፊት፣ ልጄን ያመጣልኝን ሰው ከየት አመጣሃት ብዬ አልከስም፣ አላስከስስም አልኩ። ጀማል ሰምቶ ዱላውን አንሥቶ ወጣ።

ከዚያ አንቺ ያደረግሽውን ኮልፌ እስከ ዛሬ ያወራዋል። ቤት ዘግተው ከተቀመጡት አንድ ሽማግሌ ባለ ጋሪ ዘንድ ሄደሽ ጋሪህን አውጣ አልሽው። «እመቤት፣ ፈረሴን እወደዋለሁ» ብሎ ለመነሽ። «እኔም ልጄን እወዳታለሁ፤ እሷን ይዤ ነው የምቀመጠው» አልሽው። የበዓል ቀሚስሽን ለብሰሽ፣ ብርቅዬን ጉልበትሽ ላይ አስቀምጠሽ፣ ሁሉም ድንጋይ ይዞ በሚጠብቅበት መንገድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በጋሪ ወጣሽ። ከደጃፌ ሆኜ አየሁሽ። «ልጅቱን ያሳደረ ሰው ይስማ፤ እናቷ ሌባ አትልህም፤ ዋስህ እኔ የሺእመቤት ነኝ» እያልሽ ስታልፊ ሴቶቹ «ይህቺ ሴት ለየላት» አሉ። እኔም ለየላት አልኩ። ግን ድንጋዩን የሚወረውር አልነበረም። ብርቅዬ እጇን እያወዛወዘች ለሰው ሁሉ ሰላምታ ትሰጥ ነበር፤ እንዴት ብለው ይወርውሩ?

በዛብህ ከመንገድ ሥራው ሲመለስ ሚስቱንና ልጁን ጋሪ ላይ አግኝቶ የሆነውን አልደግመውም፤ ደብዳቤው እጁ ቢገባስ። ብቻ በማግስቱ እሱም ከኋላ ተቀምጦ እግሩን አንጠልጥሎ ሲሄድ ታየ። አንቺን መከልከል ያቃተው ሰው አብሮሽ መሄድ ይሻለዋል።

ጋዜጣው ደግሞ ዝም አላለም። የባለ ጋሪዎች ግብረ አበር የሆነች አንዲት የአርባ ዓመት ሴት በኮልፌ እየዞረች ሕዝቡን ታደናግራለች ብሎ ጻፈብሽ። በዚያ ሁሉ ጭንቅ መካከል ጋዜጣውን አጣጥፈሽ፣ «ግብረ አበሩንስ ይበሉኝ፤ አርባ ዓመቱን ከየት አመጡት?» ስትዪ እኔ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቅሁ። ስቄም አለቀስኩ። ያቺ ሳቅ ባትኖር ዕብድ እሆን ነበር ብዬ አምናለሁ።

አሁን የባለ ጋሪው ሚስት ፋሪዳ የነገረችኝን ልንገርሽ።

ሳንሱሲ ላይ ጋሪሽን ያስቆመችሽ ዕለት፣ ልጓሙን ይዛ፣ «ዋስ ነኝ የምትዪው አንቺ ነሽ?» ብላ እንደጠየቀችሽ ነግረሽኛል። «ነኝ» አልሽ። «የማን ዋስ? የልጅቷ ወይስ የባለ ጋሪው?» «የባለ ጋሪው። ልጅቷማ ምን አጠፋችና ዋስ ትሻለች» አልሽ። ያን ጊዜ እንባዋ እንደወረደ፣ እጅሽን ይዛ ወደ ጓሮ እንደወሰደችሽ፣ አልፊያም ጸጉሯ ሹሩባ ተሠርቶላት ከጫጩቶች ጋር ስትጫወት እንዳገኘሻት ነግረሽኛል። የባሏን የጀይሉን ነገርም አንቺው ነሽ ያስረዳሽኝ። ከኛው ገበያ የገዛውን ጭድ ጭኖ አስኮ አድርሶ፣ ግማሹን አራግፎ፣ ቤቱ ገብቶ ፈረሱን ሲፈታ ነው ልጄን ጭድ ውስጥ ተኝታ ያገኛት። አስኮ ላይ የወጣች መስሎት በማግስቱ ቀኑን ሙሉ አስኮን በር ለበር ሲጠይቅ ዋለ። ሰኞ ወደ ኮልፌ ሊያመጣት ፈረሱን ሲጠምድ ጎረቤቱ ጋዜጣውን አነበበለት።

ያልነገሩሽ ግን ይህን ነው። ጀይሉ ጋዜጣውን ከሰማ ወዲህ ጋሪውን ቅጠል አልብሶ ደብቆ፣ እህል ከአፉ አይገባም ነበር። ፎቶው ላይ ሴቶቹ ሲያለቅሱ አይቶ፣ «ለሞተች ልጅ ተቀምጠዋል፤ በሕይወት ይዤ ብገባ ከመቃብር አወጣሃት ይሉኛል» ይላት ነበር። ያን ቀን፣ አንቺ የደረስሽበትን ቀን፣ ዕቃቸውን ጠቅልለው ነበር። በነጋታው ጎሕ ሳይቀድ ልጅቱን ከአስኮ በላይ ባለው ባሕር ዛፍ ዳር፣ እንጨት ለቃሚ ሴቶች በሚያልፉበት መንገድ አስቀምጠው ወደ ወሊሶ ሊሸሹ። «አንዷ ሴት ታገኛታለች ብለን» አለችኝ ፋሪዳ። ከዚያ ቀና ብላ ሳታየኝ፣ «ጅብም አለ» አለች። ልጅ አልወለደችም፤ አልፊያን ስታቅፋት የመጀመሪያዋ ነበር። ብርድ እንዳያገኛት ብላ ያላትን አንድ ጋቢ ለመንገዱ አዘጋጅታላት ነበር።

ይህን ስሰማ ተናደድኩ ብልሽ እዋሻለሁ። ቤት ገብቼ በሩን ዘግቼ አንቺን አሰብኩ። አንድ ቀን ዘግይተሽ ቢሆን፣ በዛብህ ከልክሎሽ ቢሆን፣ ያ ሽማግሌ ፈረሱን ሰስቶ ቢሆን። እኔ ቃሌን ሳልሰጥሽ ቢሆን። ልጄን የወሰዳት ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሊገድላት የነበረውም ክፉ ሰው አልነበረም። በመካከላቸው የነበረው ያ የጋዜጣ ወረቀት ነው። አንቺ ደግሞ ያንን ወረቀት ጋሪ ላይ ተቀምጠሽ ሄድሽበት። ድፍረት አላቸው የሚባሉ ወንዶች አይቻለሁ፤ ሁሉም ድንጋይ ይዘው ነበር የቆሙት። ባዶ እጇን፣ ልጇን ታቅፋ የወጣች ሰው ግን አንቺን ብቻ ነው ያየሁት።

የምትመለሱበት ዕለት ጀይሉ አልነዳም፣ ሌላ ሰው ይንዳ ቢል፣ «ከሌላ ሰው ጋር ከገባችማ አንተ ዕድሜህን ሙሉ ሌባ ነህ» ብለሽ በገዛ ጋሪው አስወጣሽው። አጠና ተራ ስትደርሱ ሕዝቡ መንገዱን ዘጋ። ጀማል ከፊት ነበር። እኔ ከኋላ እየሮጥኩ ስደርስ ያየሁትን አልረሳውም፤ አንቺና ብርቅዬ ከአንድ ወገን፣ ጀይሉ አመድ መስሎ በመካከል፣ ልጄ እሱ ጉልበት ላይ ልጓሙን ይዛ። አንቺ ማንንም አልተቆጣሽም። «ጀማል፣ ዱላህን አስቀምጥና ልጅህን ተቀበል፤ ምሳ አልበላችም» አልሽ፣ ከጎረቤት እንዳመጣሻት ሁሉ። ጀማል እጁን ሲዘረጋ አልፊያ፣ «አባ ቆይ፣ መጀመሪያ ፈረሱን ላቁመው» አለችው። አንድ ሰው ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ መሬት ላይ ሲወድቁ ድምፃቸው ይሰማኝ ነበር። ጀማል ልጁን በአንድ እጁ አቅፎ በሌላው የጀይሉን እግር ይዞ ሲያለቅስ፣ ያ ጋዜጠኛ ደርሶ፣ «ገርፏት ነበር? አስርቧት ነበር?» አለ። ፋሪዳ የሠራችላትን ሹሩባ አሳየሽው። ማስታወሻውን አጠፈው። የመመለሷ ወሬ ከአንድ የካልሲ ማስታወቂያ ሥር በሁለት መስመር ወጣ፤ እሱንም ጀማል ነው ፈልጎ ያገኘው።

እኔ ግን፣ የሺ፣ ልጄ ተመልሳም አልተመለስኩም ነበር። ካንቺ የሸሸግሁት ይህን ነው። ያን ሁሉ ወራት አልፊያን ከዓይኔ አላራቅኋትም። ገበያ ስቀመጥ የቀሚሷን ጫፍ ከመቀነቴ ጋር እቋጥረው ነበር። ለሽንት ስትወጣ እከተላታለሁ። ትምህርት ቤት ይቅር አልኩ። ጋዜጣ አዟሪ ሲጮኽ ዛሬም ልቤ ይዘላል፤ ባለፈው ወር ደግሞ የሌላ ሰፈር ልጅ ጠፋ ብለው ያንኑ ጆንያ፣ ያንኑ የዓይን ምስክር ጻፉ። አልፊያ ከጓደኞቿ ጋር ልጫወት እያለች ታለቅሳለች፤ እኔ ቋጠሮውን አጠብቃለሁ። ጀማል «አሁንማ አንቺ ነሽ ጆንያ ውስጥ የከተትሻት» አለኝ። ተጣላን። ግን ቃሉ አልወጣልኝም።

ፋሪዳ ስትጠይቀኝ ቆይታ ነበር፤ አልፊያ አንድ ቀን እኔ ዘንድ ትዋል እያለች። ምክንያት ሳበዛ ነው የከረምኩት። ዛሬ ጧት ጀይሉ ጭድ አራግፎ ሲመለስ በደጄ አለፈ። እንደ ልማዱ ከሩቅ ሰላም ብሎኝ ሊሄድ ነበር፤ ያ ሰው እስከ ዛሬ ወደ በሬ ለመቅረብ ይፈራል። ጠራሁት። ቋጠሮውን ፈታሁና አልፊያን አንሥቼ ጋሪው ላይ አስቀመጥኳት። ጀይሉ ፊቱ ተለዋውጦ፣ «እናቷስ? አንቺ አትወጪም?» አለኝ። «ጨርቅ የሚሸጥልኝ የለም፤ ፋሪዳን ሰላም በልልኝ» አልኩት። ስንት ሰዓት እንደሚመልሳት ሊነግረኝ ጀመረና አልሰማሁትም፤ ቤት ገብቼ ብዕር አነሣሁ።

ይኸው እየመሸ ነው። ጋሪ በመጣ ቁጥር እሷ ናት እላለሁ፤ አይደለችም፣ ያልፋል። ተነሥቼ በሩ ላይ አልቆምኩም። ወረቀቱን ነው የያዝኩት። ትመጣለች፣ ኢንሻአላህ። ዛሬ ጀይሉን ዋስ ጥራ አላልኩትም፣ የሺ።

የምትወድሽ
ሰብሪያ